ፍራሼ አርቲስት ሆነ

በዚህ ቤት አሮጌ ነገር ሁሉ ዋጋ አውጥቷል፤ ከእኔ በስተቀር። ከሠርጋችን ጀምሮ ጎናችንን ሲጎረብጥ የኖረው የጥጥ ፍራሽ ከአልጋ ሥር ወጥቶ በክብር ወደ ትንሿ ክፍል ገብቷል። ከመንዝ የመጣው የበግ ጠጉር ባና፣ የተሰነጠቀው ችፑድ፣ ጤፍ ያስፈጨንባቸው ባዶ ማዳበሪያዎች፣ የባለቤቴ ጀሪካኖች ሳይቀሩ አንድ በአንድ እየተጠሩ ሹመት አግኝተዋል። እኔ የተጠራሁት የፍራሹን ጫፍ እንድይዝ ብቻ ነው።

ሿሚው የልጅ ልጄ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእኔ መኝታ በአንድ ግድግዳ በምትለየው ክፍል ስቱዲዮ ከፍቷል። ስቱዲዮ ስል አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማይክና ማለቂያ የሌለው ገመድ ማለቴ ነው። የሰፈሩ ወጣት ዘፋኝ ሁሉ ጫማውን በራችን ላይ አውልቆ ይገባል። ባለቤቴ ቡና ታፈላላቸዋለች። እኔ ዱም ዱም እሰማለሁ። ዜማው አይደርሰኝም፣ ግጥሙም አይደርሰኝም፤ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣልኝ ቤዙ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ከዘፈኑ ዘፈን ያገኛል፤ የእኔ ድርሻ ዱም ዱሙ ነው።

ድምፅ የማልችል ሰው አይደለሁም። ልደታ ያደግን ልጆች ጆሯችን የተገራው በዳኮታ አውሮፕላን ነው። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የተነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ ብሎ ሁሉ ነገር ወደ ቦሌ ሄደ እንጂ ጩኸት በዝቶብን አላባረርንም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ የከተማው ባቡር ከራሳችን በላይ መሮጥ ሲጀምር ዝም አልን። የግንቦት ልደታ ዕለት ከበሮው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲመታ እስከ ጌጃ ሰፈር ይሰማል፤ ግን ማንንም አያሳምምም። ለምን? ሜዳ ላይ ነዋ! ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ድምፁ አንድ ጊዜ ያልፍሃል፣ መንገዱን ይሄዳል። የልጅ ልጄ ቤዝ ግን የሚሄድበት የለውም።

"አባባ፣ ይኼ ክፍል ችግር አለበት" አለኝ አንድ ማታ። ችግር የሌለበት ክፍል የት አይቶ እንደሆነ ልጠይቀው ስል ማስረዳት ጀመረ፤ ማስረዳት ከጀመረ ደግሞ ራት ይቀዘቅዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በእኛ አገር አየር በሰከንድ 342 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀጭኑ ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ መጋረጃና ምንጣፍ ይውጠዋል። ወፍራሙ ግን ረጅም ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ሲርገበገብ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። የእኛ ክፍል 3 ሜትር በ3 ሜትር ናት። የ8 ሜትር እንግዳ በ3 ሜትር ቤት የት ይተኛል? በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል ይመላለሳል። በሰከንድ 57 ጊዜ ላይ፣ ማለትም 57 ኸርዝ በሚሉት ላይ፣ መሄጃውና መመለሻው ይገጥምና እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ውኃ የሞላ ሳፋ ተሸክሞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃው በዚህና በዚያ ጠርዝ ተራ በተራ ሽቅብ ይላል፣ መሀሉ ግን ከፍታውን እምብዛም አይለውጥም። ቤዙም ግድግዳው ጋ ያገሳል፣ መሀል ክፍል ላይ ይጠፋል፣ ሁለት ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማእዘን ደግሞ ተጠራቅሞ ያብጣል። ልጁ የሚሠራው መሀል ተቀምጦ ነው። "ቤዙ አነሰ" ይልና ይጨምራል። እኔ ከግድግዳው ማዶ ራስጌዬን ተደግፌ የጨመረውን እቀበላለሁ።

ወርዷና ቁመቷ እኩል መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል፤ ሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ኖታ ተስማምተዋል። ቤዝ ጊታሩ ላይ ላ የሚባለው ድምፅ 55 ኸርዝ ስለሆነ ከ57ቱ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዘፋኙ ስለ ፍቅርም ይዝፈን ስለ አገር፣ ቤዙ ላ ላይ ባረፈ ቁጥር የእኔ መስኮት ይጨፍራል። ኖታውን ቀይሩት ብዬ በትሕትና ብጠይቅ "አባባ፣ ኖታው የሚመረጠው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው እንጂ ለእርስዎ መስኮት አይደለም" ተባልኩ። መድኃኒቱ ቤዝ ትራፕ ነው አሉ፤ ማእዘን ላይ ተቀምጦ ወፍራሙን ድምፅ የሚውጥ ነገር። ውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል። እኛ ቤት ግን የሚሠራው ከእኔ ንብረት ነው።

መጀመሪያ የመጣው የእንቁላል ካርቶን ነበር። ከየሱቁና ከየኬክ ቤቱ ለቅሞ ግድግዳውን አለበሰው። በሁዳዴ መሀል የእንቁላል ካርቶን እስከ አገጩ ታቅፎ ደረጃ ሲወጣ ያዩ ጎረቤቶች ስለ ቤታችን ምን እንዳሰቡ እነሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ለጥፎ ሲጨርስ አጨበጨበ፤ የጭብጨባው ማስተጋባት ቀንሷል። ቤዙን ለቀቀው፤ ቤዙ እንዳለ ነው። ሁለት ጣት የማይሞላ ካርቶን የ8 ሜትር ሞገድን ምን ያደርገዋል? ከእጅ አይሻል ዶማ! ይባስ ብሎ ካርቶኑ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ እየለቀመ ወፍራሙን ስለሚተወው ክፍሉ ከበፊቱ የባሰ ደንቆሮ ሆነ። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ በሚለኮስበት ቤት ግድግዳን ካርቶን ማልበስ እሳትን ቡና መጥራት ነው። ይህን ስናገር "አባባ ይጨነቃሉ" ይባላል። እጨነቃለሁ እንጂ! አንዱስ መጨነቅ አለበት።

ቀጥሎ ቁራሌው ተጠራ። ያ ምስኪን ዕድሜውን ሙሉ "ያላችሁን አሮጌ አምጡ" ሲል የኖረ ሰው ነው፤ "ያለህን አሮጌ አምጣ" የሚል ደንበኛ ሲገጥመው ግራ ተጋብቶ ዋጋ መጥራት ተሳነው። እሱ አልበቃ ሲል መርካቶ ምናለሽ ተራ ተወረደ። አንድ ቀን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሆድ የወጣ ብጫ ጥጥ መሳይ በላስቲክ ቋጥሮ መጣ። ባለቤቴ አይታው እንዝርቷን ፍለጋ ተነሣች። ልጁ ጮኸ። ለካ የመስታወት ጥጥ ነው፤ ፋይበር ግላስ ይሉታል። ቤዝ ትራፕ ለመሥራት የታወቀ ነገር ነው፤ ግን ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያስቆጣል፣ በጓንትና በማስክ ካልሆነ አይነካም፣ በጨርቅ ካልተሸፈነ አይቀመጥም። ምድጃው በጣም አሮጌ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው አስቤስቶስም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሳንባ የሚገድል ነው። እኔ በሩን ከፍቼ ቆምኩ፤ ብጫው ጥጥ ወደመጣበት ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው የሁሉም ዓይን ወደ ፍራሼ የዞረው። ጥጥ ማንንም አያሳክክም፤ ባለቤቱም አይናገርም።

ጥጡ፣ የበግ ጠጉሩ፣ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው። ድምፅ የሚገፋው አየር በቃጫው መሀል ሲመላለስ እየታሸ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ግን ኢምንት ስለሆነ ለክረምት አይረዳም፤ ጠይቄአለሁ። ችግሩ አየሩ በደንብ የሚንቀሳቀሰው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው የሞገዱን ሩብ ያህል ርቆ ነው። ለ57 ኸርዝ ሩቡ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ የክፍሏ እኩሌታ! ስሌቱን እስከ መጨረሻው ቢታዘዙት ክፍሉ ፍራሽ ይሞላና ዘፋኙ ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀዳል። ስለዚህ ድርድር ተደረገ። ግድግዳው ይቅር፣ ቤዙ የሚጠራቀምበት ማእዘን ይያዝ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የተቻለውን ያህል ወፍራም ይሁን ተባለ።

ፍራሼ ተተረተረ። ውስጡ ያለው ጥጥ በዕድሜ ብዛት ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ በጣም የታጨቀ ነገር ደግሞ ድምፁን ይመልሳል እንጂ አያስገባም። ባለቤቴ ደጋኗን አውጥታ ትነድፈው ጀመር። እንዝርቷ ባይፈለግ ደጋኗ ተፈልጓልና ደስ አላት፤ ሥራ የተከለከልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተነደፈው ጥጥ በማዳበሪያ ተሞልቶ በየማእዘኑ ተደረደረ። የሞራሌ ፍሬም ተገጠመለት፤ ከላይ አቡጀዴ ተወጠረበት። ማዳበሪያው ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ቤዙን አያግድም፣ ከቀጭኑ ድምፅ ግን ከፊሉን ወደ ክፍሉ ይመልሳል፤ አለዚያ ሁሉ ተውጦ ዘፈኑ ጋቢ የተከናነበ ይመስላል አሉ። ባናው ደግሞ በሩ ላይ ተሰቀለ። ብርድ ሲመጣ ስቱዲዮው ይሞቀዋል፤ እኔ ሹራብ እደርባለሁ።

ከዚያ ችፑዱ ተራ ደረሰው። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ዙሪያው ምንም አየር እንዳያስገባ ታሽጎ የሚቸነከር ሣጥን ነው። በእኛ ከተማ ከፍታ ችፑዱ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ከመዘነ፣ ከኋላው ካለው አየር ጋር ሆኖ ልክ 57 አካባቢ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብ የሞገዱን ጉልበት ይበላል። ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ? አልኩ። "አየር ነው አባባ፣ ጥቂት ጨርቅም አለ።" ቦታ በካሬ በሚሸጥበት ከተማ፣ እኔ መጻሕፍቴን የማስቀምጥበት አጥቼ በካርቶን አስሬ ሳኖር፣ ለአየር ቁም ሣጥን ተሠራለት!

የጀሪካኑ ጉዳይ ግን ትዳር ሊያናጋ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ቪትሩቪየስ የሚባል የሮማ መሐንዲስ በቲያትር ቤት ውስጥ የነሐስ ጋን ስለማስቀመጥ ጽፏል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ውስጥ የሸክላ ማሰሮ ይቀበር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሄርማን ቮን ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ነገሩን በስሌት አስቀመጠው፤ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉበት የሚያዜመው አንገቱ ውስጥ ያለው አየር ሆዱ ውስጥ ባለው አየር ላይ ስለሚነጥር ነው፤ ያንኑ የሚያዜመውን ኖታ ደግሞ ከክፍሉ ሊመጥጥ ይችላል። የልጅ ልጄ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን ያሳረፈው ባለቤቴ ለውኃ ፈረቃ ባስቀመጠቻቸው ጀሪካኖች ላይ ነው። 20 ሊትር፣ አፉ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ስሌቱ ወደ 55 ኸርዝ ይሰጣል። እኔም በልቤ ተደነቅሁ፤ በአፌ ግን አላልኩትም።

ችግሩ፣ የልጁ ጀሪካን የሚሠራው ባዶ ሲሆን ነው፤ የባለቤቴ ጀሪካን የሚሠራው ሙሉ ሲሆን። ግማሽ ሲሞላ ኖታው ወደ 78 ከፍ ይላል። ስለዚህ እሷ ለወጥ አንድ ጆግ በቀዳች ቁጥር ጀሪካኑ ሌላ ኖታ ይይዛል። "እማማ፣ አይቅዱ፣ ሚክስ ላይ ነኝ!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። የሰጠችው መልስ በመጽሔት አይወጣምና እተወዋለሁ። በዚያ ላይ የፕላስቲኩ ሆድ ስለሚለጠጥ ኖታውን አጥብቆ አይዝም፤ አንድ ጀሪካን ለብቻው ክፍሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥም እዚህ ግባ አይባልም፤ ረድፍ ሙሉ ያስፈልጋል። ጀሪካኖቹ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። በዚህ ቤት ይግባኝ ጠይቆ የረታ ንብረት እነሱ ብቻ ናቸው።

እኔም ዝም አላልኩም፤ ታሪክ ጠቀስኩ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ እንጂ ማዳበሪያ አላከማቸም። ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1978 "ወደ ሐረር ጉዞ"ን ጊዮን ሆቴል ሲቀዱ የማን ፍራሽ ተተረተረ? ያ ካሴት ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይደመጣል! ልጁ ግን መልስ አያጣም። አዳራሽ ሰፊ ነው አለኝ፤ 20 ሜትር በሆነ አዳራሽ የመጀመሪያው የተገተረ ሞገድ 8 ኸርዝ ተኩል ላይ ስለሚወድቅ ጆሮ ከሚሰማው ከ20 ኸርዝ በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትም ተጠጋግተው ስለሚበዙ አንዱ ለብቻው ጎልቶ አይጮኽም። ችግሩ የጠባብ ቤት ነው። ሰውም ቢሆን ከነኮቱ ድምፅ ይመጥጣል አለ። "እንግዲያው ሰው ሰብስብና ፍራሼን መልስ" አልኩት። "ሰው የሚመጥጠው ቀጭኑን ነው አባባ፤ ቤዙ ላይ እምብዛም አይረዳም።" ከሰው ፍራሽ ይሻላል ማለት ነው። ይህን ለመስማት ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።

የሚያንገበግበኝ ግን ፍራሹ አይደለም። የድሮዋ የልደታ ቤታችን ግድግዳዋ ጭቃ በጭድ፣ ኮርኒሷ የተወጠረ አቡጀዴ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነበር። የቀበሌ ቤት ነበረች። ከአልጋው ላይ ጥጥ ፍራሽ፣ ከጓዳው የእህል ጆንያ፣ ከመደቡ ላይ አጎዛ ነበር። በዚያች ቤት ሠርግ ተደግሷል፣ ጂፓስ ቴፕ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ከበሮ ተመትቷል፤ ማእዘን ላይ ያበጠ ቤዝ ግን አላየንም። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ራሱ የልጅ ልጄ ነው። አቡጀዴው ከበላዩ ሰፊ አየር ስላለው ድምፅ ይውጥ ነበር፤ ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ሰማይ ያሳልፈው ነበር፤ ጆንያውና አጎዛው የቀረውን ይለቅም ነበር። መንደሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ "ቤታችሁ ያፈስሳል" ተባልን። አዎ ያፈስስ ነበር፤ ዝናብም ወደ ውስጥ፣ ቤዝም ወደ ውጭ።

ኮንክሪት አያፈስስም። የተቀበለውን ይመልሳል፣ የማይመልሰውን ትርፍ ለጎረቤት ይሰጣል። እናም አሁን ልጁ የሠራውን ቁጠሩልኝ፤ አቡጀዴ ወጠረ፣ ጥጥ አስነደፈ፣ ማዳበሪያ ደረደረ፣ የበግ ጠጉር በር ላይ ሰቀለ። ያን የፈረሰ ቤት በየማእዘኑ መልሶ እየሠራው እኮ ነው! ያኔ ቆሻሻ እየተባለ በገልባጭ መኪና የተጫነው ነገር ዛሬ አኩስቲክ ተብሎ በፍሬም ገባ። ያን ዕለት ከመኪናው ፊት ቆሞ "ተዉ፣ ይኼ ሩብ ሞገድ አለው" የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ቢያንስ አጎዛዬን አተርፍ ነበር። እንግዲያውስ ክብ ጎጆ ብንሠራ ማእዘን የሚባል ጣጣ አይኖርም ነበር ብል፣ ክብ ግድግዳ ድምፁን ወደ አንድ ቦታ ስለሚሰበስብ እሱም የራሱ መዘዝ አለው ተባልኩ። እሺ፣ የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የብሎኩ ሰው ሁሉ እፎይ ሊል ጠበቀ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! ቤዝ ትራፕ የክፍሉን ውስጥ ነው የሚያጠራው፤ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያግድም። ለማገድ ሌላ ሥራ ነው፤ ክብደት ያለው ድርብ ግድግዳ፣ እርስ በርሱ የማይነካካ፣ የበሩ ሥር ሳይቀር የታሸገ። ይህን የተረዳችው የላይኛዋ ጎረቤታችን ቅሬታ ልታቀርብ መጣች፤ እሷ ራሷ ጎሕ ሳይቀድ በሙቀጫ የምትወቅጠው በርበሬ በወለሉ ኮንክሪት በኩል ቀጥታ ትራሴ ላይ ይደርሳል፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ፍራሽ አይውጠውም። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ልደታ ነው፤ ግን ማን ማንን ይክሰስ?

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር አልደብቅም። አሁን ልጁ መሀል ተቀምጦ ቤዙን በልኩ ስለሚሰማው አነሰ ብሎ አይጨምርም፤ ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣው ዱም ዱም ቀንሷል። ግን ሥራው ስላማረለት ዘፋኙ በዛ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ማይኩ ስለሚይዘው ቀረጻው ወደ ሌሊት ተዛወረ። ዱም ዱሙ ቀነሰ፣ ሰዓቱ ጨመረ፤ ሒሳቡ ያው ነው። ዘፋኞቹም ሲወጡ "ወይ ድምፅ! ወይ ክፍል!" እያሉ የሚያመሰግኑት እሱን ነው። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ።

ስለዚህ አቤቱታዬን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ዘፈን ሲወጣ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ፣ ሚክሲንግ የእገሌ ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ አንድ መስመር ትጨመርልኝ፤ "ፍራሽ፦ የአያቱ"። ልጁ ሳቀና "አባባ፣ እንደዚያ ከጻፍን እኮ እማማ ጥጥ የነደፉበትን፣ ቁራሌው አሮጌ ዕቃ ያመጣበትን ሁሉ መጻፍ ሊኖርብን ነው" አለኝ። ይጻፍ! የሁላችንም ስም ይጻፍ። ክፍያውንም በዚያው እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ግን ከባናው ጀምሮ ኪራይ ማሰብ ጀምሬአለሁ።